አርማታ ከአትክልተኛ ጓሮ

ስለ አርማታ ሲነሣ የሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ምሰሶና ወለል፣ ወደ ድልድይና ግድብ ነው። ከታሪኩ መነሻ ሰነዶች ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ወረቀት ግን ስለ ቤትም ሆነ ስለ ድልድይ አያወራም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1867 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆዜፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ያስመዘገበው የፓተንት ሰነድ የሚናገረው ከብረትና ከሲሚንቶ ስለሚሠሩ፣ ለአትክልት ሥራ ስለሚውሉ ተንቀሳቃሽ ሣጥኖችና ገንዳዎች ነው። ባጭሩ የአበባና የዛፍ መትከያ ነው። የግንባታ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ጨዋታ ማዋዣ ጠቅሰውት ወደ ቁም ነገራቸው፣ ማለትም ወደ መሐንዲሶቹ፣ ያልፋሉ። እኔ ግን ቁም ነገሩ እዚያው ገንዳው ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ስስ፣ ሊነሣ የሚችል፣ ውሃ የማይበግረው፣ ቢሰነጠቅም ሰው የማይገድል ዕቃ በዚያ ዘመን አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ሙያ አትክልተኝነት ነበር። ብረትና ሲሚንቶን አንድ አካል አድርጎ መሥራት ከሙከራ አልፎ ገበያ ያለው ሥራ የሆነው በዚህ ፍላጎት ግፊት ነው።

ነገሩን ከብርቱካን ዛፍ መጀመር ይሻላል። የፓሪስ ብርድ ለብርቱካን አይመችም። ስለዚህ ነገሥታቱና መኳንንቱ ዛፉን በትልልቅ ሣጥን እየተከሉ በሙቀቱ ወራት መናፈሻቸውን ያስጌጡበታል፤ ብርዱ ሲቃረብ ደግሞ ኦራንዠሪ ወደሚባለው አዳራሽ ያስገቡታል። ጁል አርዱዋን ማንሳር ከ1684 እስከ 1686 በቬርሳይ የሠራው አዳራሽ የዚህ ልማድ ታላቁ ምስክር ነው፤ ዛሬም ከሺህ በላይ የሚሆኑ ዛፎች በግንቦት ወጥተው በጥቅምት ይገባሉ። የቬርሳይ ሣጥን የሚባለው መትከያ ከወፍራም እንጨት ተሠርቶ በብረት የታሰረ ነው፤ ጎኑ ተከፍቶ ሥሩን ለመከርከምና አፈሩን ለመቀየር እንዲያመች ተደርጓል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እንጨቱ ግን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አፈር አቅፎ ስለሚኖር ይበሰብሳል። ሸክላ አይበሰብስም፤ ሆኖም የትልቅ ዛፍ ሥር የሚይዝ ሸክላ ለመሥራትም ለመሸከምም አስቸጋሪ ነው፤ የጠጣው ውሃ በብርድ ሲረጋም ይሰነጠቃል። የድንጋይ ገንዳ ዘመናትን ይሻገራል፤ ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከየት ይመጣል? ሞኒዬ የተወለደው በ1823 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኡዜስ አጠገብ ባለችውና በሸክላ ሥራዋ በምትታወቀው ሳን ካንተን ላ ፖትሪ ነው። ሸክላ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሌላ ሰው እንዲያስረዳው የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ገንዳው ላይ የሚደርሰውን ጫና ጠጋ ብለን እንየው። እርጥብ አፈር ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድም እንዲሁ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በብርድ ሌሊት ግፊቱ ይብሳል። ሦስቱም ኃይሎች በግድግዳው ላይ የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ይወጥሩታል። የሲሚንቶ ድክመት ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው። ቢጭኑት የማይበገረው ሲሚንቶ ሲስቡት ቶሎ ይበጠሳል፤ መሳብን የመቋቋም አቅሙ ጭነትን ከሚችልበት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ድሮ ለዚህ የነበረው መልስ ግድግዳውን ማወፈር ነበር። ግንበኛ ይህን ያለ ጭንቀት ያደርገዋል፤ የሠራው ነገር ከቦታው አይነቃነቅማ። አትክልተኛው ግን ማወፈር አይችልም፤ ባወፈረ ቁጥር ገንዳው ገንዳ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ ግንብ ይሆንበታል። ስለዚህ ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን ቁምና አግድም አድርጎ፣ መገናኛቸውን በሽቦ አስሮ፣ የገንዳውን ቅርጽ የያዘ መረብ ሠራ፤ መረቡን በሲሚንቶና አሸዋ ልስን ከውስጥም ከውጭም ሸፈነው። አግድም የዞረው ብረት የወይን በርሜልን ጣውላዎች እንደሚያጠብቀው ቀለበት ውጥረቱን ይይዛል፤ ልስኑ ውሃውን ይይዛል። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሁለቱም ሥራ ተሠራ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሳይታሰቡ ተባበሩት። ብረትና ሲሚንቶ በሙቀት ሲሰፉና በብርድ ሲጠቡ መጠናቸው እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ገንዳው ፀሐይና ብርድ በተፈራረቁበት ቁጥር እየተላቀቀ በጥቂት ዓመት ይፈርስ ነበር። ሲሚንቶ በጸባዩ አልካላይን ስለሆነም ሳይሰነጠቅ የሸፈነውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል። ሞኒዬ ይህን በስሌት አልደረሰበትም። የትምህርት ደረጃው ለዚያ የሚያበቃው አልነበረም፤ ቢያበቃውም በዘመኑ የሚያሰላበት መንገድ ገና አልተዘረጋም። ሠርቶ ውጭ አስቀመጠው፤ ብርዱ መጣና ሄደ፤ ገንዳው አልተሰነጠቀም። ለአንድ አትክልተኛ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሲሚንቶስ እጁ ውስጥ እንዴት ገባ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሉዊ ቪካ በ1810ዎቹ መጨረሻ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ እንዴት እንደሚገኝ በፈረንሳይ ካሳወቀ፣ ጆዜፍ አስፕዲንም በ1824 በእንግሊዝ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ለሚለው ምርቱ ፓተንት ካወጣ በኋላ፣ አዲሱ ሲሚንቶ ወደ ወደብና ወደ ቦይ ሥራ ብቻ አልሄደም። ወደ መናፈሻም ገብቷል። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ አትክልት ቦታዎች ሰው ሠራሽ ዋሻ፣ ሰው ሠራሽ አለት፣ ግንድና ቅርንጫፍ የሚመስል የሲሚንቶ አጥር ይወዱ ነበር። ፓሪስ ውስጥ በዚያው በ1867 የተከፈተው የቡት ሾሞን መናፈሻ የዚህ ፋሽን ሙዚየም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የደረጃው መደገፊያ እንጨት ይመስላል፣ ሲነኩት ሲሚንቶ ነው። ሞኒዬ ራሱም እንዲህ ያለ የአለትና የዋሻ ሥራ ይሠራ ነበር። እንግዲህ አትክልተኛ ከሲሚንቶ ጋር መገናኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በስስ ሽፋን፣ በነጻ ቅርጽ፣ በእጅና በማንኪያ መሥራትን ከግንበኛው ቀድሞ የለመደው እሱ ነበር። ከዚህ ላይ ስሕተቱ ርካሽ መሆኑን ጨምሩበት። የተሰነጠቀ ገንዳ ይጣላል፤ የተሰነጠቀ ወለል ፍርድ ቤት ያቆማል። አዲስ ነገር ደጋግሞ ለመሞከር የሚያስችለው እንዲህ ያለ ኪሳራው ቀላል የሆነ ሙያ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይታወቃል፦ ሞኒዬ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። እውነት ነው። ጆዜፍ ሉዊ ላምቦ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው ርስቱ በ1848 ከብረት መረብና ከሲሚንቶ ጀልባ ሠርቷል፤ በ1855ም ፓተንት አውጥቶበታል። የኒውካስሉ ለሳኝ ዊልያም ዊልኪንሰን በ1854 በሽቦ ገመድና በብረት የተጠናከረ፣ እሳት የማይበላው የቤት ወለል አስመዝግቧል። ፍራንሷ ኩዋኜም በዚያው ዘመን በአርማታ ቤት እየሠራ ነበር። ቀዳሚነት በዓመት ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ሞኒዬ ተሸናፊ ነው። ነገር ግን ላምቦ በፓተንቱ ላይ አዲሱ ምርት ከጀልባ ሌላ እርጥበት የሚጎዳውን እንጨት ሁሉ እንደሚተካ ሲያስረዳ፣ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያና የተክል መትከያ ይገኛሉ። ባለርስት ገበሬ ነዋ! የሚበሰብስበት ዕቃም ያው የአትክልት ቦታ ዕቃ ነው። ስለዚህ ላምቦ የሞኒዬን ቀዳሚነት ይነጥቃል እንጂ የእኔን ክርክር አያፈርስም፤ ሁለት ሰዎች ተለያይተው በአንድ ዓይነት ችግር ወደ አንድ መልስ መድረሳቸው ችግሩ ራሱ ወደዚያ ይመራ እንደነበር ያሳያል።

ዊልኪንሰን ግን ከባድ ተቃዋሚ ነው። እሱን ያነሣሣው አበባ ሳይሆን እሳት ነበር፤ ብረቱንም ውጥረቱ ባለበት በወለሉ ታችኛው ክፍል ማኖር እንዳለበት ሞኒዬ ካወቀው በላይ ያወቀ ይመስላል። አሜሪካዊው ታዴየስ ሃያትም ብረት በአርማታ ውስጥ ስላለው ሥራ ያደረጋቸውን ጥንቁቅ ሙከራዎች በ1877 አሳትሟል፤ የእሱም ጉዳይ እሳት ነበር። ከእሳት የመጣ ሌላ የዘር ሐረግ መኖሩን መካድ አያስፈልግም። የምለው ይህ ነው፦ ያ ሐረግ አልተዛመተም። የዊልኪንሰን አሠራር ከአገሩ ብዙም አልራቀም፤ የሃያትም መጽሐፍ ለጥቂት ሰዎች የታተመ ነበር። ባለቤቱ ሳይተማመንበት የማይታዘዝ፣ ካልታዘዘ ደግሞ ሊታይ የማይችል ሥራ ነው የቤት ወለል። ገንዳን ግን ሰው አይቶት፣ አንኳኩቶት፣ አንሥቶት ይገዛዋል። የሞኒዬ ዘዴ ከአገር አገር የተሸጠው ማንም ሊፈትነው በሚችል ዕቃ ላይ ስለተጀመረ ነው፤ ይህ የንግድ ምክንያት ነው፣ ምሁራን ግን የንግድ ምክንያት ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል።

የሞኒዬ ተከታታይ ፓተንቶች ቅደም ተከተልም ለዚሁ ይመሰክራል። 1867 መትከያ፤ 1868 ቱቦና የውሃ ማጠራቀሚያ፤ 1869 ለግንባታ የሚሆን ገበታ፤ 1873 ድልድይ፤ 1878 የወለል ተሸካሚ። ቱቦ ማለት ታችና ላይ የሌለው ገንዳ ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያ የገዘፈ ገንዳ ነው፤ ገበታው ተዘርግቶ የተኛ የገንዳ ግድግዳ ነው። ሰውየው ከቤት ተነሥቶ ወደ ዕቃ አልወረደም፤ ከዕቃ ተነሥቶ ወደ ቤት ወጣ። በ1875 በሻዝሌ ግንብ ቦይ ላይ የሠራው ድልድይ፣ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ ከብረት ጋር በተጣመረ ሲሚንቶ የተሠራ የመጀመሪያው ድልድይ ተብሎ ይጠቀሳል። መደገፊያውን ሲያዩት የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ነው፤ የመናፈሻው ፋሽን። የመጪው ዘመን ድልድይ የጓሮ አጥር ልብስ ለብሶ ነው የተወለደው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ አርማታን አርማታ ያደረገው ስሌቱ ነው፤ ስሌቱን ደግሞ አትክልተኛው አላወቀውም። ከፊሉን እቀበላለሁ። ጀርመናዊው ጉስታቭ አዶልፍ ቫይስ የሞኒዬን መብት በ1880ዎቹ አጋማሽ ሲይዝ በርሊን ላይ የጭነት ሙከራዎች ተደረጉ፤ መሐንዲሱ ማቲያስ ኮነን በ1886 የመጀመሪያውን የስሌት ዘዴ አሳተመ፤ በ1887 ቫይስ የሞኒዬን ዘዴ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ኮነን ያረጋገጠው ብረቱ መቀመጥ ያለበት ወለሉ ሲጎብጥ በሚወጠርበት በታችኛው በኩል እንደሆነ ነው። ሞኒዬ ግን መረቡን መሐል ላይ ነበር የሚያኖረው። ይህን የአላዋቂነት ምልክት አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። ወደ ገንዳው ተመልሰን ብናየው ግን ስሕተቱ ትርጉም ያገኛል። ክብ ገንዳ ዙሪያውን ሲወጠር ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የሚሳበው በእኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ብረቱ መሐል መሆኑ ምንም አይጎዳም፣ እንዲያውም በሁለቱም በኩል እኩል ልስን ስለሚያገኝ ከዝገት ይድናል። ለመትከያ ትክክል የነበረው መልስ ለወለል ስሕተት ሆነ። የመሐንዲሶቹ ድርሻ ከገንዳ የመጣውን ልማድ ማረም ነበር፤ የሚታረም ነገር ይዘው የጀመሩት ግን ከአትክልተኛው ነው። ለረጅም ጊዜም የጀርመን ግንበኞች ፌሮውን የሞኒየር ብረት እያሉ ጠርተውታል።

ሰውየው ራሱ ምን ሆነ? ድርጅቱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከሰረ፤ የውጭ አገር መብቶቹን የሸጣቸው ሌሎች ከኋላ በደረሱበት ሀብት ሲታይ በትንሽ ዋጋ ነው። ፍራንሷ ኤንቢክ በ1892 ምሰሶን፣ ተሸካሚንና ወለልን አንድ አካል አድርጎ የሚያያይዘውን ዘዴውን ፓተንት ካወጣ በኋላ የፈረንሳይ ገበያ ወደ እሱ ዞረ። ሞኒዬ በማርች 1906 ፓሪስ ውስጥ ድኻ ሆኖ ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥት ስለ አርማታ አሠራር የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው።

ገንዳው ሕንፃን ከወለደ በኋላ የራሱን መንገድ ቀጠለ፤ እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቃውሞ ይመጣል። ዛሬ በየጓሮው በእጅ የሚሠራው የሲሚንቶ መትከያ ከሞኒዬ ጋር ምን አገናኘው? ብዙው ብረት የለውም፤ የዘር ሐረጉም ሌላ ነው ይባላል። በእንግሊዝ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተራራ አበባ የሚያፈቅሩ ሰዎች የከብት ማጠጫና የወጥ ቤት ማጠቢያ የነበሩ አሮጌ የድንጋይ ገንዳዎችን እየፈለጉ ትንንሽ ተክሎች ይተክሉባቸው ጀመር፤ የስቲቨኔጁ ችግኝ አፍይ ክላረንስ ኤልየት ልማዱን ካስፋፉት አንዱ ነው። ገንዳው ሲያልቅና ዋጋው ሲሰቀል ሰዎች በቤታቸው አምሳያውን መሥራት ያዙ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ፒት የሚባለው የረግረግ ብስባሽ። ውህዱ ሲደርቅ ቱፋ የተባለውን ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ ተወስዶ ሃይፐርቱፋ ተባለ። ነጩን የሸክላ ማጠቢያ ሙጫ ቀብቶ በዚህ ውህድ መሸፈንም የተለመደ ዘዴ ነበር።

ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የጠየቀው ግን ያው ሙያ ነው። መሐንዲስ አርማታው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳ የሌለው እንዲሆን ይለፋል፤ የተራራ አበባ አፍቃሪው ደግሞ ሆን ብሎ ብስባሽ ጨምሮ ቀዳዳውን ያበዛል፤ ሥሩ እንዲተነፍስ፣ ትርፍ ውሃው እንዲያልፍ፣ ክብደቱም እንዲቀንስ። በሲሚንቶ መማሪያ መጽሐፍ ጥፋት የሚባለው እዚህ ዓላማ ሆነ። አዲስ የተሠራው ገንዳ ተክል የሚጎዳ አልካሊ ስለሚያፈስ ለሳምንታት ውሃ ይሞላበታል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል፤ ይህም ግንበኛ ሊያስብበት ምክንያት የሌለው፣ ከተክል ጋር የሚኖር ሰው ያወጣው ሥርዓት ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ ዲዛይነሩ ቪሊ ጉል በ1950ዎቹ ለኤተርኒት ኩባንያ የሠራቸው መትከያዎች ከስስ የሲሚንቶ ገበታ እርጥብ ሳለ የተጠቀለሉ ነበሩ፤ ውጥረቱን የያዘው በብረት ፋንታ አስቤስቶስ ነው። ስስነትን የማሳደድ ምኞት አንድ ጊዜ ጤና የሚጎዳ ነገር ውስጥ እንደገባ መመዝገብ አለበት።

በእኛ አገር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የጎንደር ግንበኞች ኖራ ያውቁ ነበር፤ ሲሚንቶ ግን በብዛት የገባው ለሕንፃና ለመንገድ ነው፤ በ1930ዎቹ በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለው የድሬዳዋ ፋብሪካም የግንባታ ፋብሪካ ነበር። መትከያው የተከተለው ኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ከሸክላውና ከፕላስቲኩ ጎን የሚደረድሩት የሲሚንቶ ማሰሮ የመጣው ከግንባታው እጅ ነው፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የልስን ማንኪያው ሁሉ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ወይም የተቀዳ ነው። ይህ ክርክሬን ያዳክማል የሚል ይኖራል። ስለ ልደቱ የተናገርኩትን አያዳክምም፤ ዕቃው ግን የልደቱን ጥያቄ መልሶ ያነሣል። ያለ ሽቦ የተሠራ ትልቅ ማሰሮ ወፍራም ይሆናል፣ ሁለት ሰው ያንገዳግዳል፣ ሥሩ ሲበዛ ከአፉ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ሽቦ ዙሪያውን ያስገባበት ሠራተኛ ግድግዳውን ማሳነስ ይችላል፤ ስለ ሞኒዬ ሰምቶ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ስለሚያስገድደው።

ከገንዳው የተወረሰ ዕዳም አለ። መትከያ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ግድግዳው ስስ በመሆኑ ብረቱን የሸፈነው ልስን ጥቂት ነው። አየር ወደ ውስጥ እየዘለቀ የሲሚንቶውን አልካላይነት ሲያዳክመው ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ቦታ ሲጠይቅ ልስኑን ይፈነቅለዋል። አትክልተኛ እንዲህ የሆነበትን ገንዳ ጥሎ ሌላ ይሠራል፤ ለእሱ የኪሳራው ማነስ በረከት ነበር። ወደ ድልድይና ወደ ፎቅ ሲዛወር ግን ጥሎ ሌላ መሥራት የለም፤ የብረት ዝገት ዛሬ የአርማታ ሥራ ሁሉ ዋነኛ በሽታ ነው። መሐንዲሶች የብረቱን ቦታ በ1880ዎቹ አርመውታል፤ ፌሮው ስንት ሴንቲ ሜትር መሸፈን አለበት የሚለውን ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲያሳንሱት ኖረዋል።